ስልክ መደወልን የሚፈራ ነጋዴ ፍርሃቱን በምን ያሸንፋል?

ለቀጥታ ሽያጭ ሠራተኞችና ለአነስተኛ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ንግድ በገበያ ቦታ ብቻ የሚካሄድ ሥራ አይደለም። ሱቅ የሌለው፣ ዕቃውን በመደርደሪያ ላይ አሰልፎ ገዢ የማይጠብቅ፣ ነገር ግን ሸቀጡን ከቤቱ ወይም ከመጋዘኑ አንሥቶ በቀጥታ ወደ ተጠቃሚው ደጅ የሚያደርስ ነጋዴ ብዙ ነው። የመድን ወኪል፣ መጽሐፍ አዟሪ፣ የቤት ዕቃ አከፋፋይ፣ የባልትና ውጤት አዘጋጅ፣ ሁሉም በዚህ የንግድ ዓይነት ውስጥ ይገኛሉ። እንደዚህ ላለው ነጋዴ ሱቁ ስልኩ ነው፤ የሱቁንም በር የሚከፍተው ደንበኛው ሳይሆን እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ስልኩን አንሥቶ መደወልን የፈራ እንደ ሆነ፣ ማለዳ ወደ ሱቁ ሄዶ በሩን ሳይከፍት ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚውል ባለሱቅ ይመስላል።

ይህ ፍርሃት በብዙዎች ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ ነገር ግን ገልጦ የሚናገረው ጥቂት ነው። ነጋዴው «ዛሬ ኔትወርክ ያስቸግራል»፣ «አሁን የምሳ ሰዓት ነው»፣ «ሰኞ ብደውል ይሻላል» እያለ ምክንያት ይደረድራል እንጂ «ፈራሁ» አይልም። በዛሬው ትምህርታችን የፍርሃቱን ምንጭ፣ የሚያስከትለውን ጉዳትና የሚሸነፍበትን መንገድ በተራ እንመለከታለን። ነገር በምሳሌ ሲቀርብ ይበልጥ ስለሚገባ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቅርብ ከሚያውቃቸው ከአንዲት ነጋዴ ሥራ እንጀምራለን።

የአንዲት ባለባልትና ችግር

እኒህ ወይዘሮ በርበሬ፣ ሽሮና ልዩ ልዩ ቅመማ ቅመም በቤታቸው አዘጋጅተው የሚሸጡ ናቸው። ሙያቸውም በሠፈራቸው የተመሰከረ ነው። በአንድ ዓመት በታኅሣሥ ወር ዕቁባቸው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ስለ ወጣላቸው፣ ገንዘቡን ይዘው መርካቶ በርበሬ ተራ ሄዱና 2 ኩንታል የማረቆ ዛላ በርበሬ ገዙ። በርበሬው ተቀነጠሰ፤ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፤ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላው፣ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ተዋሕዶ ተፈጨ። 180 ኪሎ የሚሆን የተዘጋጀ በርበሬም በከረጢት ታሽጎ በቤታቸው ተቀመጠ።

ዕቁብ አስቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን እንደሚወስድ፣ ከዚያም በኋላ እስከ መጨረሻው ዙር መክፈል ግዴታው እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ለወይዘሮዋ ዋስ የሆኗቸው በጡረታ ደመወዝ የሚተዳደሩ አንድ አረጋዊ ጎረቤታቸው ነበሩ።

በወይዘሮዋ ደብተር ላይ 64 የስልክ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ከእነዚህ ውስጥ የቀድሞ ደንበኞች፣ የዕድር ባልንጀሮች፣ የሰርግ ድግስ ያዘጋጁላቸው ቤተሰቦችና ጥቂት ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ሦስት ሳምንት አልፎ የተሸጠው 11 ኪሎ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ቤታቸው ድረስ መጥተው ለጠየቁ ጎረቤቶች ነው። ስልኩን ያነሣሉ፤ ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ ጥሪው ሳይሰማ መልሰው ይዘጉታል። የሁለት ሳምንት የዕቁብ መዋጮ ቀረ። የዕቁቡ ዳኛ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ ወይዘሮዋ አላነሡም። ከዚያ ወዲያ መደወል ብቻ ሳይሆን ስልኩ ሲጮኽ መስማትም ያስደነግጣቸው ጀመር። በርበሬውም በመጋዘን በቆየ ቁጥር ሽታው እንደሚሳሳ፣ ቀለሙም እንደሚደበዝዝ ከማንም ይልቅ እርሳቸው ያውቁ ነበር።

«ለምን አይደውሉም?» ተብለው ቢጠየቁ የሰጡት መልስ ይህ ነው፤ «ሰው በቤቱ ዐርፎ ሳለ በርበሬ ግዛኝ ብዬ ማስቸገሩ ነውር መስሎ ይታየኛል። ልመና የወጣሁ ይመስለኛል። ደግሞስ እምቢ ያለኝን ሰው ነገ ለቅሶ ቤት ሳገኘው በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

በዚህ አጭር መልስ ውስጥ የፍርሃቱ የመጀመሪያ ምንጭ ተገልጧል፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሰውን ከሰው ጋር አስተዛዝኖ የሚያኖር የጨዋነት ልጓም ነው። ነገር ግን መሸጥንና መለመንን አንድ አድርጎ ያሳየ እንደ ሆነ የነጋዴ እግር ብረት ይሆናል። ለማኝ የሚቀበል እንጂ የሚሰጠው ዕቃ የለውም፤ ነጋዴ ግን የሚቀበለውን ያህል ዋጋ ያለው ነገር ይሰጣል። ጥሩ በርበሬ የሚፈልግ ቤተሰብ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ጥሩ በርበሬ ያለው ነጋዴ ዝም ቢል፣ ቤተሰቡ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ከመንገድ ዳር ሊገዛ ይችላል። እንግዲህ ዝምታው ለደንበኛው ክብር ሳይሆን ጉዳት ነው። አባቶች «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብለዋል፤ በነጋዴ ቤት ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ ባይገባበትም እንጀራም አይገባበትም።

ሁለተኛው ምንጭ የስልክ ጠባይ ነው። ፊት ለፊት ስንነጋገር የባላጋራችንን ፊት፣ ዓይንና እጅ እያየን ሐሳቡን እንገምታለን፤ በስልክ ግን ድምፅ ብቻ ይቀርልናል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የታተመ አንድ የሊቃውንት ጥናት 10 ቋንቋዎችን መርምሮ፣ በሰዎች ጥያቄና መልስ መካከል የሚገኘው ዝምታ በአማካይ ከአንድ ሴኮንድ አምስተኛ እጅ የማይርቅ መሆኑን አሳይቷል። ጆሮአችን እንደዚህ ያለ ፈጣን መልስ የለመደ ስለ ሆነ፣ በስልክ መስመር መዘግየት የመጣውን የአንድ ሴኮንድ ዝምታ እንኳ እንደ እምቢታ ይተረጉመዋል። ከዚህ የተነሣ ፈሪው ነጋዴ ደንበኛው ገና ሳይመልስለት «ግዴለም፣ ካልፈለጉ ይቅር» ብሎ የራሱን ገበያ በራሱ አፍ ይዘጋል።

ስልክን መፍራት አዲስ ነገር አለመሆኑንም ማስታወስ ያጽናናል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ፣ አካሉ የማይታይ ሰው ድምፅ መሰማቱ በቤተ መንግሥት ሰዎችና በካህናት ዘንድ የሰይጣን ሥራ ተብሎ እንደ ነበረ ይተረካል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በሐሳባቸው ጸኑ፤ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመርም ተዘረጋ። እንግዲህ አካል የሌለውን ድምፅ መፍራት ከአያቶቻችን ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ የተሸነፈውም በመጠቀም ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ምንጭ ሽሽት ራሱ ነው። ሰው የፈራውን ነገር ትቶ ሲመለስ ወዲያው ዕረፍት ይሰማዋል። ይህ ዕረፍት ለሽሽቱ እንደ ተከፈለ ደመወዝ ነው፤ በሚቀጥለውም ቀን መሸሽ ይበልጥ ይቀላል፤ መደወል ይበልጥ ይከብዳል። ወይዘሮዋ ጥሪው ሳይሰማ ስልኩን በዘጉ ቁጥር ፍርሃታቸውን ይቀልቡት ነበር እንጂ አያስታግሡትም ነበር።

ጥሪን በዋጋ መተመን

ፍራንክ ቤትገር የተባለው አሜሪካዊ አስቀድሞ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ክንዱ ተጎድቶ ጨዋታውን ከተወ በኋላ የሕይወት መድን ሻጭ ሆነ። ሥራው በጀመረበት ጊዜ ሰው ፊት ቀርቦ መናገር እጅግ ያስፈራው እንደ ነበረ እርሱው በ1940ዎቹ ዓመታት ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል። ለእርሱ ከጠቀሙት ነገሮች አንዱ ሥራውን ሁሉ በመዝገብ ማስፈሩ ነው። በ12 ወር ውስጥ 1,849 ጊዜ ደንበኛ ፍለጋ ሄደ፤ ከእነዚህ ውስጥ 828 ሰዎችን አግኝቶ አነጋገረ፤ 65 ውል ተዋዋለ፤ 4,251 ዶላር ከ82 ሳንቲም የሽያጭ ድርሻ አገኘ። ይህንን ገንዘብ ለጉዞዎቹ ሁሉ ቢያካፍለው፣ እያንዳንዱ ጉዞ 2 ዶላር ከ30 ሳንቲም አስገኝቶለታል።

እነዚህ ጉዞዎች በእግር የተደረጉ እንጂ በስልክ የተደረጉ አይደሉም፤ ቢሆንም ቅሉ የሒሳቡ ትምህርት አንድ ነው። ከ1,849 ጉዞዎች መካከል 1,784ቱ በውል አልተፈጸሙም፤ ነገር ግን 65ቱ ውሎች ያለ እነርሱ ሊገኙ አይችሉም ነበር። ስለዚህ በሩ የተዘጋበት ጉዞም 2 ዶላር ከ30 ሳንቲሙን አስገኝቷል ማለት ነው። ነጋዴ ይህንን ሒሳብ ሲረዳ እምቢታ ስድብ መሆኑ ይቀርና የሥራው አንድ ክፍል ይሆናል። ገበሬ የዘራው ዘር ሁሉ አይበቅልም፤ ሳይበቅል በቀረው ዘር ግን አያፍርም።

ፍርሃት የሚወጣበት መሰላል

ሰው ከፍርሃቱ የሚድነው በአንድ ጊዜ ዘሎ ገደል በመግባት አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ጥንቸል የሚፈራ የአንድ ትንሽ ልጅ ታሪክ አሳትማለች። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉ በሣጥን ሆኖ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ልጁ ሲለምደው ትንሽ ቀረብ ይደረጋል፤ በመጨረሻም ልጁ ጥንቸሉን በእጁ እስከ መዳበስ ደረሰ። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሚፈሩትን ነገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ እየጻፉ፣ በረጋ ሰውነት አንድ በአንድ መውጣትን እንደ ሕክምና ሥርዓት አስተማረ። የእኛም አባቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ነው።

በዚሁ መሠረት የስልክ ነጋዴ መሰላል እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

1ኛ ደረጃ፤ ምንም የማይሸጡበት ጥሪ። ለምሳሌ ወፍጮ ቤት ደውሎ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ መጠየቅ።

2ኛ ደረጃ፤ ለቀድሞ ደንበኛ ምስጋና ብቻ ለማቅረብ የሚደረግ ጥሪ። ባለፈው የወሰዱት ዕቃ እንዴት እንደ ሆነላቸው መጠየቅ እንጂ ሌላ ዕቃ አለማንሣት።

3ኛ ደረጃ፤ ለቀድሞ ደንበኛ አዲስ ዕቃ መኖሩን ገልጦ ትእዛዝ መጠየቅ።

4ኛ ደረጃ፤ በሌላ ሰው አማካይነት ለታወቀ አዲስ ሰው መደወል።

5ኛ ደረጃ፤ ፈጽሞ ለማይታወቅ ድርጅት ወይም ምግብ ቤት መደወል።

በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ልብ መምታቱ እስኪረጋጋ ድረስ ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ቀን መቆየት ይገባል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ የተጀመረ ጥሪ ሳይነሣ ወይም መልስ ሳያገኝ አይዘጋም።

ከመደወል በፊት የሚደረግ ዝግጅት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ብዙ ሰው በስልክ የሚደናገጠው የሚናገረውን ሳያዘጋጅ ስለሚደውል ነው። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ አምስት መስመር መጻፍ ይበቃል፤ የደንበኛው ስምና ማዕርግ፣ ራስን ማስተዋወቂያ፣ ስልኩን ከየት እንዳገኙ፣ የደወሉበት ምክንያት፣ በመጨረሻም የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ። ወረቀቱ እንደ ድጓ በዜማ የሚነበብ አይደለም፤ መንገድ የጠፋው የሚመለከተው ምልክት ነው እንጂ።

ሰላምታን በሚመለከት በአገራችን ልማድ የቤተሰብን ደኅንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት እንደ ድፍረት ይቈጠራል። ለሚታወቅ ደንበኛ ይህ ሥርዓት መጠበቅ አለበት፤ ለማይታወቅ ሰው ግን ረዥም ሰላምታ ጥርጣሬን ስለሚያመጣ፣ አንድ ሰላምታ አቅርቦ ወዲያው ስምንና ጉዳይን መናገር ይገባል። በሁለቱም ዘንድ «ለመነጋገር ይመችዎታል?» ብሎ መጠየቅ ደንበኛውን ያከብራል፤ ነጋዴውንም «አስቸገርሁ» ከሚል ስጋት ያድነዋል።

ለምሳሌ ያህል ወይዘሮዋ ያደረጉትን አንድ ጥሪ እንመልከት።

«ሃሎ።»

«እንደምን አደሩ እትዬ? ባለፈው ዓመት ለልጅዎ ሰርግ በርበሬ ያዘጋጀሁልዎ ባለባልትና ነኝ። ለመነጋገር ይመችዎታል?»

«እንዴት ነሽ ልጄ? ደኅና ነሽ? ይመቸኛል፤ ተናገሪ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሙሽሮቹስ ደኅና ናቸው? የደወልሁት ዘንድሮ ጥሩ የማረቆ በርበሬ አግኝቼ ስላዘጋጀሁ ነው። ለፋሲካ ስንት ኪሎ ላስቀምጥልዎ?»

«አይ ልጄ፣ ዘንድሮስ እኅቴ ከገጠር ልካልኛለች።»

«እሰይ፣ እንኳን ላኩልዎ። ሽሮስ አለዎት?»

«ሽሮው እንኳ ለሁዳዴ ያስፈልገኛል።»

«እንግዲያው ጾሙ ሊገባ ሲል፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ብደውልልዎ ይመችዎታል?»

«ይሁን፤ ደውዪልኝ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደኅና ይዋሉ።»

በዚህ ጥሪ አንድ ኪሎ በርበሬ አልተሸጠም፤ ነገር ግን እምቢታው ሳያሳዝን ታለፈ፤ ሌላ ፍላጎት ተገኘ፤ የሚደወልበትም ቀን ተቀጠረ። ወይዘሮዋ ከፈሩት ነገር አንዱም አልደረሰም።

የእምቢታ ዓይነቶች

ጀማሪ ነጋዴ እምቢታን ሁሉ አንድ አድርጎ ይሰማል። ልምድ ያለው ግን ቢያንስ በሦስት ይከፍለዋል። «አሁን አይመቸኝም» ያለ ሰው ጊዜውን እንጂ ዕቃውን አልጠላም፤ ሌላ ሰዓት መጠየቅ ይገባል። «አለኝ» ወይም «በቅቶኛል» ያለ ሰው ዛሬ ደንበኛ ባይሆንም ነገ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው የሚያልቅበትን ወቅት መጠየቅ ይበቃል። «አልፈልግም፤ አትደውልልኝ» ያለ ሰው ደግሞ ግልጽ ፍርድ ሰጥቷል፤ አመስግኖ መሰናበትና ስሙን ከዝርዝሩ መሠረዝ ያስፈልጋል። ከዚህ ሦስተኛው ሰው ጋር መከራከር ገንዘብንም ክብርንም ያሳጣል። አንድ ቁም ነገር እንጨምር፤ ከጠየቁ በኋላ ዝም ብሎ መልስ መጠበቅ ከሁሉ የሚከብድ፣ ከሁሉም የሚጠቅም ልማድ ነው። «ስንት ኪሎ ላስቀምጥልዎ?» ካሉ በኋላ በልብ እስከ አምስት መቁጠር ይገባል።

ሰዓትና ወቅትን ማወቅ

ከፍርሃት የሚመስለው እምቢታ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ምርጫ ጉድለት የሚመጣ ነው። ለቤት እመቤት ጧት በ1 ሰዓት ልጆች ለትምህርት ቤት ሲዘጋጁ መደወል ራስን ለቍጣ ማጋለጥ ነው፤ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያለው ረፋድ ይሻላል። ለምግብ ቤት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል አይደወልም፤ ኃላፊው ፋታ የሚያገኘው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ዓርብ ቀትር ለሙስሊም ደንበኛ የጸሎት ጊዜ ነው፤ እሑድ ጧት ደግሞ ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል።

ወቅቱም እንዲሁ የራሱ ሕግ አለው። 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሽሮ፣ ምስርና የአተር ክክ ይፈለጋል፤ ከፋሲካ፣ ከገናና ከእንቍጣጣሽ በፊት ለዶሮ ወጥ የሚሆን በርበሬ ይፈለጋል፤ በረመዳንና በዒድ ሰሞን ቅመማ ቅመም በብዛት ይገዛል። ደንበኛው የሚያስፈልገውን ራሱ ከማሰቡ ጥቂት ቀን ቀድሞ የደወለ ነጋዴ አስቸጋሪ አይባልም፤ አስታዋሽ ይባላል።

ደንበኛውም ይፈራል

በዚህ ዘመን ፍርሃቱ በስልኩ ሁለት ጫፍ እንዳለ መዘንጋት የለበትም። በአገራችን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ዛሬ እጅግ ተስፋፍቷል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም ስልክ የመነጋገሪያ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። አታላዮችም ይህንን ተከትለው መጥተዋል። ስለዚህ የማያውቀው ቁጥር የደወለለት ሰው ድምፁን ቢያቀዘቅዝ፣ ጥላቻ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

ይህንን ስጋት የሚያስወግደው የነጋዴው ግልጽነት ነው። ስምን፣ የሥራ ቦታን፣ ቁጥሩን የሰጠውን ሰው ወዲያው መናገር፤ ዕቃው ሳይታይ ገንዘብ አለመጠየቅ፤ የደንበኛን የሚስጥር ቁጥር በማናቸውም ምክንያት አለመጠየቅ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎች የግል መረጃ በሥርዓት እንዲያዝ ደንግጓል። የሰው ስልክ ቁጥርም የሰው ንብረት ስለ ሆነ፣ ደብተሩን ለሌላ ነጋዴ መሸጥ ወይም ማከፋፈል ከሕግም ከነውርም አንጻር የሚያስጠይቅ ነው። ደንበኛው እንደ ተረጋጋ የነጋዴው ድምፅም ይረጋጋል፤ ሁለቱ ፍርሃቶች አንድ ላይ ይወርዳሉ።

የወይዘሮዋ ሥራ ፍጻሜ

ወይዘሮዋ መሰላሉን ሲጀምሩ ይህ ጽሑፍ አቅራቢ የሰጣቸው ምክር ለዕቁቡ ዳኛ የሚደረገውን ጥሪ ከሁሉ የከበደ ስለ ሆነ እስከ መጨረሻ እንዲያቆዩት ነበር። በዚህ ግን መካሪው ተሳስቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮዋ፣ «ይህ ጥሪ በልቤ ተቀምጦ ሳለ ሌላው ጥሪ አይቀለኝም። ዋሴ በራቸው ሳይንኳኳ እኔ ልደውል» አሉና ደወሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሳልከፍል ስልክዎንም ሳላነሣ ቀርቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዕቃው አልተሸጠልኝም ነበር። የቀረብኝን ከመደበኛው ጋር በአራት ሳምንት አከፋፍዬ ልክፈል?»

አረጋዊው ዳኛ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ እኛን ያስጨነቀን ገንዘቡ ሳይሆን ዝምታሽ ነው። ታመሽ መስሎን ልንጠይቅሽ ስንመክር ነበር። እንዳልሽው ይሁን» አሏቸው።

ከዚህ አንድ ትምህርት ይገኛል። መሰላል ለሽያጭ ጥሪ ነው፤ የዕዳና የይቅርታ ጥሪ ግን ተራ አይጠብቅም። የሌላ ሰው ስም የተያዘበት ጥሪ ሁልጊዜ ይቀድማል።

በሚከተሉት 10 ቀናት ውስጥ ወይዘሮዋ 46 ጥሪ አደረጉ፤ ሁሉንም በደብተራቸው መዘገቡ። 17ቱ አልተነሡም፤ 14ቱ አልፈልግም አሉ፤ 9ኙ ሌላ ጊዜ ቀጠሩ፤ 6ቱ ገዙ። ከገዙት አንዱ በማያውቁት ሠፈር የሚገኝ አነስተኛ ምግብ ቤት ሲሆን 15 ኪሎ ወሰደ። በጠቅላላው 38 ኪሎ ተሸጠ። ይህ ለ46ቱ ጥሪ ቢካፈል፣ ያልተነሣውም እምቢ የተባለውም ጭምር እያንዳንዱ ጥሪ ከ800 ግራም በላይ በርበሬ ሸጧል ማለት ነው። ወይዘሮዋ ይህንን ሒሳብ ሲያዩ ከሁሉ የገረማቸው በለቅሶ ቤት የሚያፍሩበት አንድ ሰው እንኳ አለመገኘቱ ነው፤ እንዲያውም እምቢ ካሏቸው ሁለቱ ሌላ ገዢ ልከውላቸዋል።

እስከ ፋሲካ ዋዜማ ከ180 ኪሎው 40 ብቻ ቀረ። የዕቁቡ መዋጮ በጊዜው ተከፈለ፤ የዋሱም በር አልተንኳኳም። ፍርሃቱ ግን ጨርሶ አልጠፋም። እስከ ዛሬም ከመጀመሪያው የጧት ጥሪ በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ እንደሚጠጡና ወረቀታቸውን እንደሚያዩ ይናገራሉ። ልዩነቱ፣ አሁን ከነፍርሃታቸው መደወላቸው ነው። ጀግንነት ማለትም ይኸው ነው እንጂ ፍርሃት የማያውቅ ልብ መያዝ አይደለም። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» የተባለውም በዚህ ዓይነቱ ሰው ይፈጸማል።

የሳምንቱ መልመጃ

አንባቢ ሆይ፣ ትምህርት በንባብ ብቻ ስለማይፈጸም የሚከተለውን ለአንድ ሳምንት ይሞክሩ።

አንደኛ፤ ዛሬ ማታ 20 የደንበኛ ስሞችን ጽፈው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በአምስቱ ደረጃዎች ይክፈሏቸው። ዕዳ ወይም ይቅርታ የሚጠይቅ ጥሪ ካለ ግን ነገ ጧት ከሁሉ በፊት ይደውሉ።

ሁለተኛ፤ በቀን አምስት ጥሪ ብቻ ያድርጉ፤ ነገር ግን ሰዓቱ የታወቀና የማይለወጥ ይሁን። ከስልክ በፊት ሌላ ሥራ አይጀምሩ።

ሦስተኛ፤ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ሁለት ነገር ይጻፉ፤ ከመደወልዎ በፊት ይደርሳል ብለው የፈሩትን፣ ከዚያም በእውነት የደረሰውን።

አራተኛ፤ በሳምንቱ መጨረሻ የሸጡትን በጥሪዎችዎ ቁጥር ያካፍሉ። የሚያገኙት ውጤት የአንድ ጥሪ ዋጋ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም አይናቁት።

እነዚህን ሁለት ዝርዝሮች፣ የፈሩትንና የደረሰውን፣ ጎን ለጎን አስቀምጠው የተመለከቱ ነጋዴ ከእኛ የሚቀበሉት ሌላ ምክር አያስፈልጋቸውም። ደብተራቸው ራሱ ያስተምራቸዋል።